ማች ወይስ ሜኒ? የእንግሊዝኛ የመጠን ቃላት አመራረጥ

በአማርኛ «ብዙ ሰው» እንደምንል «ብዙ ውሃ»ም እንላለን፤ «ጥቂት» ለልጆችም ለጨውም ያገለግላል። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን ይለያል። ስለዚህ የመጠን ቃሉን ከመምረጣችሁ በፊት ስሙን ፈትሹ።

1. ስሙ ይቆጠር እንደሆነ ለዩ። ከፊቱ «ቱ» የሚለውን ቁጥር አስገቡ። «ቱ ቼርስ» ያስኬዳል፤ «ቱ ራይስስ» አያስኬድም። ፈተናውን በአማርኛ አታድርጉት። «ሁለት ምክር»፣ «ሦስት መረጃዎች» ለእኛ ትክክል ናቸው፤ አድቫይስና ኢንፎርሜሽን ግን አይቆጠሩም፣ «ኤስ»ም አይጨመርባቸውም። ፈርኒቸር፣ ሆምወርክና ለጌጅም እንዲሁ። መኒም ከእነዚሁ ወገን ነው፤ የሚቆጠረው ብሩ ወይም ዶላሩ ነው። ከተጠራጠራችሁ ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ግለጡ፦ ብዙውን ጊዜ «ሲ» የሚለው ፊደል የሚቆጠረውን፣ «ዩ» የማይቆጠረውን ያመለክታል።

2. «ብዙ» ለማለት ለሚቆጠር ስም ሜኒ፣ ለማይቆጠር ማች ተጠቀሙ። በአማርኛ «ብዙ ተማሪ» ይበቃል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሜኒ ስቱደንትስ» ብሎ ስሙን ማብዛት ግድ ነው። «ብዙ ጊዜ» ስትሉም ተጠንቀቁ፦ ደጋግሞ ለማለት «ሜኒ ታይምስ»፣ የጊዜውን ርዝመት ለመግለጽ «ማች ታይም» ነው። ማች በይበልጥ የሚስማማው ለጥያቄና ለአሉታ ነው፤ በተራ አዎንታዊ ንግግር «ኤ ሎት ኦፍ» ይቀናል። ይህኛው ለሁለቱም ወገን ስለሚሆን ስትቸኩሉ ያድናችኋል።

3. «ጥቂት» ለማለት ለሚቆጠር ፊው፣ ለማይቆጠር ሊትል ይገባል። እዚህ ላይ «ኤ»ን አትርሱ። «አይ ሃቭ ኤ ሊትል መኒ» ያለ ሰው ትንሽ ገንዘብ ስላለው ሻይ ሊጋብዛችሁ ይችላል፤ «አይ ሃቭ ሊትል መኒ» ያለው ግን እጅ አጥሮታል። «ኤ ፊው ፍሬንድስ» ያለው ወዳጆች አሉት፤ «ፊው ፍሬንድስ» ያለው የለውም ለማለት ምንም አይቀረው።

4. «ያነሰ» ለማለት ለሚቆጠር ፊወር፣ ለማይቆጠር ሌስ ምረጡ። እንግሊዞች ሌስን ለዘመናት ለሁለቱም ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ፊወር ይሻላል የሚለውን ምርጫ ጸሐፊው ሮበርት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1770 በመጽሐፉ አሰፈረ፣ ኋላም ሕግ ሆነ። ዛሬም በንግግር ሌስ ሲደባለቅ ትሰማላችሁ፤ በፈተናና በማመልከቻ ግን ሕጉን ጠብቁ። ርቀት፣ ጊዜና ገንዘብ በአኃዝ ሲለኩ ግን ሌስ ይገባል፦ «ሌስ ዛን ፋይቭ ኪሎሜተርስ»።

5. ራሳችሁን ፈትኑ። ለእነዚህ ስሞች ማች ወይስ ሜኒ? ሹገር፣ ቡክስ፣ ኒውስ፣ ቺልድረን።

መልስ፦ ማች፣ ሜኒ፣ ማች፣ ሜኒ። ኒውስ መጨረሻው «ኤስ» ቢሆንም አይቆጠርም፤ ቺልድረን «ኤስ» ባይኖረውም ብዙ ቁጥር ነው። ከሳታችሁ ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመለሱ።