ለወንድሜ ልጅ፣ ስለ ሕፃኑ ዓይን

ልጄ፣ ሐኪሙ «የዓይን ነርቩ ከተፈጥሮው ያነሰ ነው» ማለቱን ሰማሁ። በጤና ረዳትነት ያረጀሁ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ በጤነኛ ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት፤ ልጅሽ ጥቂቱን ይዞ ተወለደ። እኛ ራያዎች ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ማሽላ እናጠጣለን፤ ቦዩ ከጠበበ ማሳውን ደጋግሞ ማረስ ውሃ አይጨምርም። ስለዚህ ዓይኑ ላይ የቅጠል ጭማቂ አታንጠባጥቢ። «ሞራው ይገፈፍለት» የሚሉሽ ይመጣሉ፤ አልፈርድባቸውም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ ከሞራ የመጣ ነበር፤ ተገፎለት ያየ ሰው በየቀበሌው አለ። የልጅሽ ግን የሚገፈፍ የለውም።

2. «ቡዳ ነው» ለሚሉ መልስ አትስጪ። የነርቩ ማነስ በለጋ ዕድሜያቸው በወለዱ እናቶች በኩር ልጆች ላይ በዛ ብሎ ይታያል፤ መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።

3. እኔን የሚያስፈራኝ ዓይኑ አይደለም። ይህ ነርቭ ሲያንስ፣ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢም አንዳንዴ አብራ ትደክማለች። ያኔ የደም ስኳር ይወርዳል፣ ዕድገት ይገታል፤ ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበት ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞንም ሊያንስ ይችላል። አገራችን ደግሞ ወባ ያለበት ቆላ ነው። ልጁ አተኩሶት ቢዝለፈለፍ፣ ቢያስመልሰው ወይም ቢያንቀጠቅጠው «ወባ ነው፣ ይለቀዋል» ብለሽ አትደሪ። ሌሊትም ቢሆን ቆቦ ሆስፒታል አድርሺው። ወባውን ይመርምሩ፤ አንቺ ግን ስለ ነርቩ ነግረሽ የደም ስኳሩን ወዲያው እንዲለኩ ጠይቂ። ይህ እስኪመጣም አትጠብቂ፤ አሁን ደህና ሳለ የሕፃናት ሐኪም ሆርሞኑን ያስመርምርለት። ሲወለድ ቢጫነቱ ሰንብቶበት ከነበረም ንገሪያቸው፤ አንዱ ምልክት ነው።

4. ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ከላኩሽ ሂጂ። መነፅር ነርቩን አያወፍረውም፤ ሌላ የዕይታ ጉድለት ካለ ግን ያስተካክላል። ደህናውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኚ ካሉሽ ሸፍኚ፤ በራስሽ ግን አትሞክሪው። ዓይኑ ግራና ቀኝ መዋለሉ አያስደንግጥሽ። ነርቩ እያደር እየመነመነ የሚሄድ አይደለም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕይታቸው ትንሽ የሚሻላቸው ሕፃናት አሉ።

5. ትምህርት ቤት ሲገባ ከፊት ይቀመጥ፣ በጉልህ ይጻፍለት፣ ለፀሐዩ ኮፍያ ያድርግ። አባቱ «አያይም፣ ፍየል ይጠብቅ» ካለ፣ ሰሌዳ ያላየ ልጅ ፍየሏን በምን ሊያያት እንደሆነ መጥቶ ለእኔ ያስረዳኝ።