ላፕቶፕ ሲገዛ የሚዘነጋው ወጪ

ለተማሪ ልጁ ላፕቶፕ የሚገዛ ነጋዴ ስለ ሚሞሪውና ስለ ባትሪው አጥብቆ ይከራከራል፤ ስለ ልጁ የእጅ አንጓ የሚያስብ ግን እምብዛም አይገኝም። የላፕቶፕ ስክሪንና ኪቦርድ ተያይዘው የተሠሩ በመሆናቸው አንዱ ለዓይን ሲመች ሌላው ለእጅ አይመችም። የመመረቂያ ጽሑፉን አልጋ ላይ ሆኖ የሚተይብ ተማሪ አንጓውን አጥፎ ለሰዓታት ይቆያል። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ምቱ ይበዛል፤ በላቲን ኪቦርድ በድምፅ ሲጻፍ «ሰላም» የሚለው ባለ 3 ፊደል ቃል 5 ምት ይጠይቃል።

በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። ነርቩ ሲጫን አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ይብሳል። ለዚህ ሕመም ኪቦርድ ምን ያህል ተጠያቂ እንደሆነ ሐኪሞችን ዛሬም ያከራክራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ በአውስትራሊያ ታይፒስቶች ያቀረቡት የካሣ ጥያቄ ቀጣሪዎችንና መድን ሰጪዎችን ክፉኛ አስጨንቆ ነበር።

መከላከያው ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ መግዛት፣ ላፕቶፑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ አንጓን ቀጥ አድርጎ መተየብና በየመሐሉ ማረፍ ነው። ድንዛዜው ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ዕቃ ከእጅ የሚያስጥል ከሆነ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ነርቩ ለረዥም ጊዜ ተጭኖ ከቆየ የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ይሟሽሻል።