ዳኛ በሌለበት ሜዳ

እ.ኤ.አ. በ2005 ሮም ላይ አሜሪካዊው አንዲ ሮዲክ ከስፔናዊው ፈርናንዶ ቬርዳስኮ ጋር ቴኒስ ይጫወት ነበር። የመጀመሪያውን ዙር አሸንፏል፤ በሁለተኛውም 5 ለ 3 እየመራ ጨዋታውን የሚጨርስባቸው ሦስት ተከታታይ ዕድሎች በእጁ ገብተዋል። የቬርዳስኮ ሁለተኛ ሰርቭ መጣች። «ወጥታለች» ተባለ። ለሮዲክ የቀረው ተጋጣሚውን ጨብጦ መሄድ ብቻ ነበር።

የሮም ሜዳ ቀይ አፈር ነው፤ ኳስ ያረፈችበት ቦታ ላይ ምልክቷን ትታ ታልፋለች። ሮዲክ ያንን ምልክት አየና ለዳኛው አሳየ፤ ኳሷ መስመሩን ነክታ ነበር። ነጥቡ ለቬርዳስኮ ተሰጠ። ቬርዳስኮ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ያንን ዙር ወሰደ፤ ሦስተኛውንም 6 ለ 4 አሸንፎ ሮዲክን አሰናበተው።

«አያችሁ፣ ጨዋነት ያከስራል» የሚል አይጠፋም። እኔ በፍጹም አልስማማም! ሮዲክ በዚያ ቀን ያጣው አንድ ጨዋታ ነው። ዝም ቢል ኖሮ ግን የራሱ ያልሆነ ድል ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ ያ ሸክም ደግሞ ከሽንፈት ይከብዳል።

እርግጥ እውነት የተናገረ ሁሉ አይሸነፍም። እ.ኤ.አ. በ1982 የፈረንሳይ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ላይ የ17 ዓመቱ ስዊድናዊ ማትስ ቪላንደር ሆሴ ሉዊስ ክሌርክን አሸነፈ ተብሎ ታወጀ። ልጁ ግን የክሌርክ ኳስ ገብታ እንደነበር ተናግሮ ነጥቡ እንዲደገም ጠየቀ። ተደገመ፤ አሸነፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። ሮዲክና ቪላንደር የፈጸሙት ያው አንድ ነገር ነው፣ ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። ጨዋነትን ለትርፍ ብለን ከያዝነው የከሰርን ቀን እንጥለዋለን።

ቴኒስን የምወደውም በዚህ ነው። እኛ በምንጫወትበት የሰፈር ሜዳ ዳኛ የለም። በእናንተ በኩል ያረፈችውን ኳስ የምትፈርዱት እናንተው ናችሁ። ደንቡም ግልጽ ነው፦ ከተጠራጠራችሁ ኳሷ ገብታለች። ልብ በሉ፣ ጥርጣሬው ሁልጊዜ የሚጠቅመው ተጋጣሚን ነው! ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ 23.77 ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ማዶ የቆመው ሰው የእናንተን መስመር አጥርቶ ማየት አይችልም፤ ያላችሁትን አምኖ ይቀበላል። ጣት ቀስሮ «ወጥታለች» ለማለት ግማሽ ሰከንድ ይበቃል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ህሊናችሁም ልምምድ ላይ ነው።

ሌላም ደስ የሚል ወግ አለ። በጨዋታ መሃል ኳሳችሁ የመረቡን ጫፍ ነክታ ወዲያ ማዶ ዱብ ስትልና ተጋጣሚ ሳይደርስባት ስትቀር ነጥቡ የእናንተ ነው፤ ማንም አይወስድባችሁም። ቢሆንም እጅን ከፍ አድርጎ «ይቅርታ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ባላጠፋችሁት ጥፋት ይቅርታ ትጠይቃላችሁ! ነጥቡን ያገኛችሁት በዕድል እንጂ በችሎታ እንዳልሆነ ታውቃላችሁና።

የቀረው ቀላል ነው። ኳሳችሁ ወደ ጎረቤት ሜዳ ብትንከባለል እነሱ ነጥባቸውን እስኪጨርሱ ታገሡ። ሰርቭ የምትመቱ ከሆነ ከመምታታችሁ በፊት ውጤቱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከመዘንጋት ነው። ስትሸነፉም ተጋጣሚያችሁን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ጨብጡት።

እንዲህ ያለ ልማድ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ አብሯችሁ ቤት ይገባል። ባለሱቁ መልስ ሲያበዛላችሁ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» የሚለው አንደበት፣ የሥራ ባልደረባችሁ የደከመበት ሥራ በእናንተ ስም ሲመሰገን «የእሷ ነው» የሚለው አንደበት፣ መስመር ላይ ያረፈችውን ኳስ «ገብታለች» ሲል የሰነበተው ነው። ትልቁ ፈተና ሲመጣ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ በዚህ ሳምንት ሜዳ ስትወርዱ አንድ ነገር ሞክሩ። የመጀመሪያዋ አጠራጣሪ ኳስ ስትመጣ ተጋጣሚያችሁ እስኪጠይቅ አትጠብቁ። «ገብታለች፣ ነጥቡ ያንተ ነው» በሉት። ከዚያ ወደ ቦታችሁ ተመለሱና ቀጣዩን ሰርቭ ተቀበሉ።