ውዱ ኬብል ምን ይጨምራል?

ቴሌቪዥን ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው በዋናው ዕቃ ዋጋ ተከራክሮ ከተስማማ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። “ኬብሉስ የቱ ይሁን?” ይባላል። ሻጩም ሁለት ዓይነት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። አንደኛው በላስቲክ የተጠቀለለ ቀጭን ጥቁር ገመድ ነው። ሁለተኛው በሚያምር ካርቶን የታሸገ፣ ላዩ በጨርቅ የተሸመነ፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ፣ “ኦሪጅናል” የሚባለው ነው። ሁለቱም ኤች ዲ ኤም አይ በሚባለው መሰኪያ ምስልና ድምፅ ከዲኮደር ወደ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፉ ናቸው። የዋጋቸው ልዩነት ግን አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ እጥፍ ይደርሳል። ለመሆኑ ይህ ልዩነት የተከፈለው ለምንድን ነው? በስክሪኑ ላይስ ይታያልን?

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ብቻ ቢሆን ኖሮ በገበያ ዓምድ ላይ ቦታ ባልያዘ ነበር። ነገር ግን አስመጪው በኮንቴይነር፣ ጅምላ ሻጩ በካርቶን፣ ሆቴል የሚያስገነባው ባለሀብት ደግሞ በክፍል ቁጥር የሚያዝዘው ዕቃ በመሆኑ የተሳሳተ እምነት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ስለሆነም መልሱን በሁለት በኩል እንመለከታለን፤ በመጀመሪያ ከሽቦው፣ ቀጥሎም ከገበያው በኩል።

“ውድ ኬብል የተሻለ ምስል ይሰጣል” የሚለው እምነት ከባዶ የመጣ አይደለም። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያላቸውን የቪዲዮ ማጫወቻ ገመዶች የማያስታውስ የለም። እነዚያ አናሎግ ነበሩ። የምስሉ ብርሃንና ቀለም በሽቦው ውስጥ በሚወጣና በሚወርድ የኤሌክትሪክ መጠን ይገለጽ ስለነበር ገመዱ የሚያባክነው እያንዳንዱ ነገር በቀጥታ ከምስሉ ላይ ይቀነስ ነበር። በተቀደደ ጆንያ ጤፍ እንደማጓጓዝ ነው፤ መንገዱ በረዘመ፣ ቀዳዳውም በሰፋ ቁጥር የሚደርሰው ያንሳል። ደህና ሽፋን ያለው ወፍራም ገመድ በእርግጥም የጠራ ምስል ይሰጥ ነበር፤ መጥፎው ደግሞ ጥላና መስመር ያመጣ ነበር። በዚያ ዘመን ለተሻለ ገመድ የተሻለ ዋጋ የከፈለ ሰው አልተሞኘም።

ኤች ዲ ኤም አይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሶኒ፣ ፓናሶኒክ፣ ሂታቺ፣ ቶሺባ፣ ፊሊፕስ፣ ቶምሰንና ሲሊከን ኢሜጅ የተባሉ ሰባት ኩባንያዎች በጋራ ያወጡት መስፈርት ሲሆን፣ ዋናው ለውጥ ምስሉ በቁጥር መተላለፉ ነው። በሽቦው የሚሄደው የ0 እና የ1 ሰልፍ ብቻ ነው። ተቀባዩ ቴሌቪዥን እያንዳንዱን ምት ተመልክቶ “ይህ 0 ነው፣ ይህ 1 ነው” ብሎ ይወስናል። ምቱ በመንገድ ላይ ትንሽ ቢዳከምና ቢዛባም 0 ከ1 እስከተለየ ድረስ የሚነበበው ቁጥር ከተላከው ጋር አንድ ነው።

ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ የስልክ ዋጋ ነው። ደላላው ከመጋዘን ደውሎ “በኩንታል ይህን ያህል” ቢልዎ መስመሩ ቢንኳኳም ቁጥሩን ከሰሙት ሰምተውታል። ስልክዎን በወርቅ ቢያስለብጡት የተነገረዎት ዋጋ አይቀንስም፣ አይጨምርም። መስመሩ ከመጠን በላይ ከተበላሸ ግን የሚሰሙት ቁርጥራጭ ነው፤ ከዚያም ይቋረጣል። የዲጂታል ኬብልም ጠባይ ይኸው ነው።

በመሆኑም መጥፎ ኤች ዲ ኤም አይ ኬብል የሚታወቅባቸው ምልክቶች ግልጽ ናቸው። በምስሉ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ስክሪኑ ለሰከንድ ጠቁሮ ይመለሳል፣ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሹን “ሲግናል የለም” የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ኬብሉ ሥራውን ጨርሷል። “ቀለሙ ደመቀ፣ ጥቁሩ ጠለቀ፣ የተጫዋቹ ፊት ጠራ” የሚለው የሻጭ ንግግር በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ የለውም። ቀለሙ በጥቂቱ ብቻ እንዲፈዝ ኬብሉ ከቢሊዮኖች ምቶች መካከል የቀለም ቁጥር የያዙትን እየመረጠ፣ ያውም ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ፣ ማዛባት ይኖርበታል። ሽቦ እንዲህ ያለ ብልሃት የለውም።

ታዲያ ሁሉም ኬብል እኩል ነው ማለት ነውን? አይደለም፤ እዚህ ላይ የርካሽ ኬብል ጠበቆችም ይስታሉ። ዋናው ነገር በሰከንድ ስንት ምት ማለፍ አለበት የሚለው ነው። 720 መስመር ያለው ምስል በሰከንድ 2.2 ቢሊዮን ቢት ይጠይቃል። ሙሉ ኤች ዲ የሚባለው 1080 መስመር በሰከንድ 60 ምስል ሲሆን 4.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። በዚሁ ፍጥነት 4ኬ ከሆነ ወደ 18 ቢሊዮን ይዘላል። በ2017 የወጣው 2.1 የተባለው መስፈርት 48 ቢሊዮን፣ በ2025 የወጣው 2.2 ደግሞ 96 ቢሊዮን ቢት ድረስ ይፈቅዳል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሽቦው በመንገድ ላይ የሚያዳክመው ይበዛል። ለኤች ዲ ስርጭት ለዓመታት ያለችግር ያገለገለ ቀጭን ገመድ ለ4ኬ ሲሰካ ሊያብለጨልጭ የሚችለው ለዚህ ነው። ኬብሉ አልተበላሸም፤ የማይችለው ሸክም ተጭኖበት ነው።

ሁለተኛው ወሳኝ ነገር ርዝመት ነው። መስፈርቱ “ይህን ያህል ሜትር” ብሎ አይወስንም፤ የሚለካው በሌላኛው ጫፍ የሚደርሰውን ነው። በተግባር ግን 48 ቢሊዮን ቢት የሚያሳልፍ ተራ የመዳብ ኬብል አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሜትር አይበልጥም። በአንድና በሁለት ሜትር ርቀት ለኤች ዲም ሆነ ለተለመደው 4ኬ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ፣ ደህና ሆኖ የተሠራ ኬብል ከውዱ የሚለይበት ምንም የሚታይ ነገር የለም።

ስለ ወርቁ አንድ ቃል። ወርቅ ከመዳብም ከብርም ያነሰ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። ጫፍ ላይ የሚቀባው ስለማይዝግ ብቻ ነው፤ ይህም በእርጥበት ቦታና ለዓመታት ለሚሰካ ዕቃ ጥቅም አለው። ቅቡ ግን እጅግ ስስ በመሆኑ ለአምራቹ የሚያስወጣው ከዋጋው ልዩነት ጋር አይገናኝም፤ ርካሹም ኬብል ቢሆን ብዙ ጊዜ ወርቅ ቅብ ነው። ለቅቡ ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚከፍል ገዢ “ወርቅ ላበደረ ጠጠር” የተባለው ደርሶበታል። ብር የተቀባ መዳብ ትንሽ የተሻለ ክርክር አለው፤ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሄድ ሲግናል በሽቦው ላይኛ ቆዳ ስለሚጓዝ ቅቡ በጥቂቱ ይረዳል። ያንኑ ጥቅም ግን ትንሽ ወፈር ያለ ተራ መዳብም ይሰጣል።

ወደ ገበያው ስንመጣ ጥያቄው ይለወጣል። ውድድር ባለበት ገበያ፣ ልዩነቱ የማይታይ ዕቃ እንዴት አሥር እጥፍ ዋጋ ይዞ ይቆያል? በ1979 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ሞንስተር ኬብል በዚህ ንግድ እጅግ ከመግነኑ የተነሳ በ2004 የከተማይቱን ትልቅ ስታዲየም በስሙ የማስጠራት መብት ገዝቶ ነበር። ዴኖን በ2008 አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው የዲጂታል ድምፅ ገመድ በ499 ዶላር ለገበያ አቅርቦ ለብዙ ጊዜ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ዕቃዎቹ ገዢ ማግኘታቸው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ማብራሪያውን ዣቪየር ጋቤና ዴቪድ ሌብሰን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በ2006 ባሳተሙት ጥናት አቅርበውታል። ሸማቹ የዋናውን ዕቃ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ያወዳድራል፤ የተጓዳኙን ግን አያወዳድርም። ስለዚህ ሻጮች በዋናው ዕቃ ላይ እስከ መሠረቱ ዝቅ ይሉና ትርፋቸውን ከተጓዳኙ ይለቅማሉ። የአታሚ ማሽንና የቀለሙ ነገር የታወቀ ምሳሌ ነው። የጥናቱ አስገራሚ ክፍል ግን ሌላ ነው፤ ሐቀኛው ተፎካካሪ እውነቱን ቢናገርም አይጠቀምም። ገዢውን “ይህን ኬብል አትግዛ” ብሎ ያስተማረ ነጋዴ፣ የነቃው ገዢ ቴሌቪዥኑን በርካሽ ከዚያኛው ሱቅ፣ ኬብሉን ደግሞ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ሲሄድ ያየዋል። ስለሆነም ሁሉም ዝም ይላል። ዝምታው ስምምነት አይጠይቅም፤ ሒሳቡ ራሱ ያመጣዋል።

ዝምታው የሚያስከፍለውን በምሳሌ እንይ። 60 ክፍል ያለው ሆቴል ለየክፍሉ አንድ አጭር ኬብል ይፈልጋል እንበል፤ ርካሹ 2 ዶላር፣ ውዱ 40 ዶላር ቢሆን ልዩነቱ በጠቅላላው 2,280 ዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው የባንክ ተመን፣ ዶላሩን በ57 ብር ብናሰላው፣ ይህ 130 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ካለፈ በኋላ ያው ልዩነት ከ228 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ገንዘብ ለአንድም እንግዳ የሚታይ ነገር አልተገዛም።

ሌላው የገበያው ገጽታ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ባበቃው ጽሑፍ፣ ገዢው ጥራትን መለየት ሲያቅተው መጥፎ ዕቃ ደህናውን ከገበያ እንደሚያስወጣ በአሮጌ መኪና ንግድ አስረድቷል። በከፍተኛው ፍጥነት ላይ ያለው የኬብል ገበያ ይህን ይመስላል። “8ኬ” እና “48 ጊጋ” ብሎ ካርቶን ላይ ማተም ከቀለም በስተቀር ወጪ የለውም። ሁሉም ሊያትመው የሚችለው ጽሑፍ ደግሞ ስለ ጥራት አይናገርም። ዋጋውም አይናገርም፤ ውድ ካርቶን ውስጥ ቀጭን ሽቦ መግባት ይችላልና።

ወጪ ያለውና ለማስመሰል የሚያስቸግረው ምልክት የማረጋገጫ መለያው ነው። ለ18 ቢሊዮን ቢት “ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ”፣ ለ48 ቢሊዮን ደግሞ “አልትራ ሃይ ስፒድ” የሚል፣ በስልክ የሚነበብ መለያ ማሸጊያው ላይ ይለጠፋል፤ በፈቃድ ሰጪው መተግበሪያ ሲነበብ የተመረመረ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። በተቃራኒው “ቨርዥን 2.1 ኬብል” የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ተጠራጠሩ። የፈቃድ ሰጪው ደንብ ኬብልን በቨርዥን ቁጥር መሰየም የሚከለክል በመሆኑ፣ ደንቡን የሚያውቅ አምራች አይጽፈውም።

እንግዲህ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው የት ነው? ለአንድ ሜትር የዲኮደር ገመድ አይገባም። ኳስ በክፍያ የሚያሳዩ የዲ ኤስ ቲቪ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተላልፉት ኤች ዲ በመሆኑ፣ ከዲኮደሩ አጠገብ ላለው ስክሪን ርካሹ ይበቃቸዋል፤ ከአዳራሹ ማዶ ላለው ሁለተኛ ስክሪን ግን ወፈር ያለ ሽቦ ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 5 የሚያከራዩ የጌም ቤቶች ደግሞ ከማሽኑ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ኬብል 48 ቢሊዮኑን የሚችል ነውና ያንን አውጥተው ሸጠው በሌላ ባይተኩት ይሻላቸዋል። ገመዱ ሲረገጥና ሲጎተት ስለሚውል በጥቂት ብር የሚበልጥ ጠንካራ አንገት ያለው መግዛትም ያዋጣል፤ ይህ የምስል ሳይሆን የዕድሜ ጉዳይ ነው።

እውነተኛው ወጪ ያለው በግድግዳ ውስጥ ነው። ለስብሰባ አዳራሽ ፕሮጀክተር 15 ወይም 20 ሜትር የሚዘረጋ ሰው ከተራ መዳብ ይልቅ ሲግናሉን በብርሃን የሚያስተላልፈውን የፋይበር ኬብል ቢመርጥ ትክክል ነው። ይህ ኬብል አቅጣጫ አለው፤ “ምንጭ” የተባለው ጫፍ ወደ ዲኮደሩ ወይም ወደ ኮምፒውተሩ፣ ሌላው ወደ ስክሪኑ መሆን አለበት። ተገልብጦ ከተለሰነ በኋላ የሚያስከፍለው የግንበኛ እንጂ የኬብል ዋጋ አይደለም። ስለዚህ ከመለሰኑ በፊት በሚያገለግልበት ሙሉ ፍጥነት ቢያንስ አንድ ሰዓት አብርቶ ማየት፣ ገመዱንም በባዶ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ኋላ ለመቀየር ቦታ መተው ያስፈልጋል።

ለአስመጪው ደግሞ ኮንቴይነር ከማዘዙ በፊት የሚያደርገው ቀላል ፈተና አለ። ከናሙናዎቹ አንዱን ይቁረጥና ከውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች በምላጭ ይፋቅ። ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ በቆርቆሮ ወይም በብር የተቀባ መዳብ ነው፤ ደህና ነው። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ወይም ብረት ነው፤ ማግኔት ከሳበው ብረት ነው። ማግኔቱ መጠጋት ያለበት ለሽቦው ብቻ ነው፤ የጫፉ ሽፋን በደህናውም ኬብል ላይ ብረት ሊሆን ይችላል። ቀሪዎቹን ናሙናዎች በ4ኬ፣ በሰከንድ 60 ምስል በሚያወጣ ማጫወቻ ላይ፣ በሚሸጡበት ረጅም ልክ እየሰካ ያያቸው። ባለ አንድ ሜትሩን ፈትኖ ባለ አሥር ሜትሩን ማዘዝ ፈተና አይባልም፤ ከላኪው ጋር የሚደረገውም ውል የትኛው ርዝመት በየትኛው ፍጥነት እንደሚሠራ በቁጥር የሚጠቅስ ይሁን።