እንጦጦ በሳይክል፦ መኪና የሌለበት፣ ሰው የማይጠፋበት ጫካ

ሳይክል ይዞ እንጦጦን ያሰበ እንግዳ ከሁሉ በፊት ዳገቱን በፔዳል ይውጣው ወይስ በመኪና የሚለውን ይወስን። የኔ መልስ አጭር ነው፤ በመኪና። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው አስፋልት ጠባብና ጥምዝምዝ ነው። ሚኒባሱ ከኋላ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ቁልቁል የሚመጣው መኪና መሃል መንገዱን ይይዛል፣ እርስዎ ደግሞ ደኑ ጋ ሳይደርሱ ጉልበትዎን ይጨርሳሉ። ሳይክሉን ፒክአፕ ላይ ወይም የሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስረው ይውጡ። ዋጋውን ሳይጫን ይስማሙ፤ ከተጫነ በኋላ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። በየካ በኩል ላረፈ ሰው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ ይቀርበዋል፤ ዳገትነቱ ግን ያው ነው።

ከፍታውን አይናቁት። የከተማው መሃል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያገኙት በሲሶ ያህል ያንሳል። ከአዳማ ወይም ከሐዋሳ የመጣ ሰው ያለከልካል፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣማ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ሳይሰነብት ባይሞክረው ይሻላል። ራስ ምታት ከጀመረዎት ሰበብ አይፈልጉ፣ ይውረዱ። ፀሐዩም አታላይ ነው፤ ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ማቃጠሉ የሚታወቅዎት ማታ ነው።

ጥሩው ወቅት ከመስቀል በኋላ እስከ የካቲት ያለው ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጎማና ፍሬን መሃል ገብቶ ይለጠፋል፤ ያኔ ሳይክሉ እርስዎን መሸከሙ ቀርቶ እርስዎ እሱን ይሸከማሉ። መስከረም ማለቂያ ላይ መሬቱ ጠንክሯል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ አደዩም በየሜዳው አለ። ከሰዓት ሁሉ የምመርጠው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ነው። ከዚያ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ብርድ ያገኘዋል፣ ወደ ጉድጓዱ የሚመለስ ጅብም ሊያገኘው ይችላል።

አሁን ሁለት እንጦጦ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ በ2013 ዓ.ም የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ነው። መንገዱ ተስተካክሏል፣ ካፌና መጸዳጃ ቤት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ሳይክል የሌለውም ተከራይቶ ይነዳል። ልጆች ይዘው ከመጡ ወይም ማርሽ መቀየር ገና እየለመዱ ከሆነ እዚያው ይቆዩ። የኪራይ ሳይክል ሲረከቡ የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን ሜዳ ላይ ይሞክሩ፤ ካቴናው ዘይት አይቶ እንደሆነም በጣትዎ ነካ አድርገው ይዩ።

ሌላው እንጦጦ ከፓርኩ አጥር ውጭ፣ በተራራው ትከሻ ወደ የካ የሚዘረጋው ነው። እኔን የሚስበኝ እሱ ነው። ኮረኮንች፣ ጥርጊያ መንገድና የእግር መንገድ እየተቀላቀሉ ባሕር ዛፉን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ቀጭን የአስፋልት ጎማ እዚህ አያዋጣም፤ ወፍራም፣ ጥርስ ያለውና ነፋሱ ትንሽ የተቀነሰለት ጎማ ያስፈልጋል። ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ ይያዙ፣ ጎሚስታ የሚያገኙት ከተማ ሲወርዱ ብቻ ነው። ብቻዎን ግን አይግቡ። ጫካው ለጋራ ጉዞ እንጂ ስልክና ገንዘብ ለያዘ ብቸኛ እንግዳ የሚመከር አይደለም፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አብሮዎት ቢኖር መንገድ ከመሳትም ይድናሉ።

ስለ ባሕር ዛፉ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ዛፉ አገር በቀል አይደለም፤ በ1880ዎቹ ዓ.ም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ነው። ለሳይክል ነጂ ግን ችግር አለው። ቅጠሉ ቶሎ በስብሶ አፈር አይሆንም፣ ደርቆ ይከመራል፤ ቁልቁለት ላይ ኩርባ ሲይዙ ከጎማዎ ሥር ይንሸራተታል። ተልጦ የወደቀው ልጥም ካቴና ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት ነው። አልፎ አልፎ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የቀሩበት ቦታ ሲደርሱ መሬቱ ራሱ ይለሰልሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ መንገድ ላይ መኪና የለም ማለት ሰው የለም ማለት አይደለም። ቅድሚያ የማን እንደሆነ የሚነግር ምልክት ባይኖርም ቅድሚያ አለ፤ የመጀመሪያዋ ባለቅድሚያም ማገዶ ተሸካሚዋ ናት። እንጨትና ቅጠል አስራ፣ ወገቧን አጥፋ፣ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ ቁልቁል ስትመጣ የሚታያት ሁለት እርምጃ ያህል መሬት ብቻ ነው። ሸክሙ ከመንገዱ በግራም በቀኝም ተርፎ ይወጣል። አንዴ ከቆመች ዳግም መነሳቱ ከመሄዱ ይብስባታል፤ ስለዚህ የሚቆሙት እርስዎ ነዎት። ከሳይክልዎ ይውረዱ፣ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ይጠጉ፣ ደወል አይደውሉ፤ ከሩቁ «ይለፉ እናቴ፣ በርቱ» ማለት ይበቃል። እሷን ፎቶ ማንሳት ይቅርብዎት። ከሱሉልታ በኩል ጭነት ይዘው የሚመጡ አህዮችም እንደዚያው ናቸው፤ አህያ ለሳይክል መንገድ ስትለቅ እስካሁን አላየሁም።

ሯጮቹ ሌላ ናቸው። አትሌቶቻችን በጠዋት እዚህ ሲሠሩ በመንገዱ ብቻ አይሮጡም፤ አንዱ ሌላውን ተከትሎ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ያልፋሉ። ድንገት ከግራ ወጥተው በቀኝ ሊገቡ ይችላሉ። ሰልፉ እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ አንድ ሰው ካዩ ከኋላው ሌሎች እንዳሉ ይቁጠሩት። ልታሸንፏቸው የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ዳገት ላይ ሞክሩትና ተማሩ።

ቀኑን ሲመርጡ የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ። በወር በ12 የሚካኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም ቀን ነው፤ በነዚህ ቀኖች መንገዱ በምዕመናንና በጸበልተኞች ይሞላል፣ ሳይክልም ቦታ የለውም። የካቲት 16 እና መስከረም 1፣ የራጉኤል ዕለት፣ ከሁሉም ይበልጣሉ። በሌላ ቀን ግን እንጦጦ ማርያም ጎራ ይበሉ። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም የነገሡት እዚሁ ነው፤ ሙዚየሙና አሮጌው ቤተ መንግሥትም በአጠገቡ አለ። ደጀ ሰላሙ ጋ ሳይደርሱ ከሳይክልዎ ይውረዱ፤ በቁምጣ የመጣ ሰው ጋቢ ወይም ነጠላ ይደርብ። ተራራው ላይ ጥበቃ ያለው ግቢ ሲያዩ ግን ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ።

ከእንጦጦ ማርያም ይልቅ እንግዶችን ደጋግሜ የምልከው ወደ ዋሻ ሚካኤል ነው። በየካ ተራራ ላይ፣ በባሕር ዛፍ መሃል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣራው ስለሌለ ክረምት ላይ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። ላሊበላን ላየ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል፤ ከመገናኛ ግርግር በላይ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው አለማየቱ ግን ይገርመኛል። የመጨረሻው መውጫ ድንጋያማ ነው፤ ሳይክሉን መግፋት ነውር የለውም። መግቢያ ይከፍላሉ፣ ጫማ ያወልቃሉ።

ሐይቅ ዳር መንዳት ያማራችሁ እዚህ አታገኙትም። እንጦጦ ውሃ ከፋይ ነው፤ በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የወረደው ደግሞ በሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል። በቅርብ ካሉት ሰፊ ውሃዎች አንዱ ከየካ በስተምሥራቅ፣ ከለገጣፎ አልፎ ያለው የለገዳዲ ግድብ ነው። ከካራ ጀምሮ ያለው የደሴ መንገድ የሲኖትራክ መንገድ ስለሆነ እስከዚያ ሳይክሉን ጭነው ይሂዱ፤ ከአስፋልቱ ወርደው በገበሬው ማሳ መሃል በጥርጊያው ይንዱ። ውሃው ከተማው የሚጠጣው ነውና መዋኘት የለም፤ ወደ ግድቡ አካል መጠጋትም ያለ ፈቃድ አይቻልም። ገበሬ ካገኙ በኦሮምኛ «አካም» ማለት መንገድ ለመጠየቅ መልካም መጀመሪያ ነው።

ስንቅዎ ውሃና ቆሎ ይሁን። ሲመለሱ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ቁልቁለት ከሁሉ አደገኛው ክፍል ነው። ፍሬኑን ሳይለቁ ይዘው ከወረዱ ላስቲኩ ይሞቅና መያዙን ይተዋል፤ እየያዙ እየለቀቁ ይውረዱ፣ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆመው እስኪበርድ ይጠብቁ። ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ፍሬኑን ጎሚስታ ያጥብቅልዎት፤ ከዚያ በታች ወደ ስድስት ኪሎ የሚሄደው መንገድ ሙሉ በሙሉ የታክሲ ነውና ሳይክሉን መልሰው ቢጭኑት ይሻላል።