መድፉ ሲተኮስ አትደንግጪ

ነይማ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ እህት ዓለም። ቅዳሜ ብላክስበርግ፣ ሌን ስታዲየም ልትገቢ ነው አሉኝ፤ የቨርጂኒያ ቴክ ተማሪ ከሆንሽ ወዲህ የመጀመሪያው የፉትቦል ጨዋታሽ። ደስ ብሎኛል። ግን እንዲሁ አልሰድሽም። ስለ ልብስና ስለ ፎቶ አልነግርሽም፤ እሱን ራስሽ ታውቂበታለሽ። የምነግርሽ ስለ ጩኸት ነው፦ መቼ እንደምትጮኺ፣ መቼ ዝም እንደምትይ፣ ጆሮሽንና አብሮሽ የሄደውን ሰው እንዴት እንደምትጠብቂ። እዚያ ሜዳ ጩኸት ተራ አለው። ተራውን ያወቀ ነው ደስታው የሚደርሰው።

አንደኛ፣ ከመድፉ በፊት ነጥቡን እወቂ የኔ ቆንጆ። ይሄ ሰፈር ውስጥ ስናየው ያደግነው ኳስ አይደለም። ኳሷን ይዞ ወይም ተቀብሎ የባላጋራው ሜዳ ጫፍ ላይ ያለውን ክልል የረገጠ ታችዳውን አገኘ ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው። ከዚያ ወዲያው ኳሷን በሁለቱ ቋሚ ብረቶች መካከል መትቶ ካሳለፈ 1 ይጨመርለታል። ታችዳውን ሳይኖር ከሜዳ ላይ መትቶ ካሳለፈ ደግሞ ፊልድ ጎል ነው፤ 3 ነጥብ። እነዚህን ሦስቱን ከያዝሽ መድፉ መቼ እንደሚጮህ ቀድመሽ ታውቂያለሽ። ቀድሞ ያወቀ ደግሞ አይደነግጥም።

ሁለተኛ፣ መድፉን ከነታሪኩ ተዋወቂው። ስኪፐር ይባላል። ቡድኑ ሜዳ ሲገባ ይተኮሳል፤ ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር እንደገና ይተኮሳል። የሚተኩሱት የዩኒቨርሲቲው ካዴቶች ናቸው፤ ባሩድ እንጂ ጥይት የለውም። እንዴት መጣ ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቨርጂኒያ ቴክ በታንክስጊቪንግ ቀን ሮአኖክ ከተማ ላይ ከቪኤምአይ ጋር ይጫወት ነበር። ቪኤምአይ የጦር ኮሌጅ ነው፤ ሊትል ጆን የምትባል ትንሽ መድፍ አለችው። እሷን ያስጮሁና “የእናንተስ መድፍ የታል?” እያሉ የቴክን ካዴቶች ያበሽቋቸዋል። ሁለት የቴክ ተማሪዎች፣ ጆርጅ ፎክስና ሆመር ሂካም፣ ቆይ እናሳያችኋለን አሉ። ይሄ ሂካም በኋላ ናሳ ውስጥ መሐንዲስ የሆነው፣ “ሮኬት ቦይስ” የሚለውን መጽሐፍ የጻፈው ሰውዬ ነው። ካዴቶቹ ያላቸውን ናስ አዋጡ፣ ናሱ ቀለጠ፣ መድፉ ተሠራ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገደሉ። በባሕር ኃይል ሳሉ የቶርፔዶ ጀልባ አዛዥ ስለነበሩ፣ ለእሳቸው መታሰቢያ መድፉን ስኪፐር (የጀልባ አዛዥ) አሉት። የመጀመሪያው ተኩስ በዚያው ዓመት ከቪኤምአይ ጋር በተደረገው ጨዋታ ላይ ሆነ። ልጆቹ በደስታ ባሩዱን ሦስት እጥፍ አጉርሰውት ኖሮ፣ የባላጋራው ካዴቶች ባርኔጣ ከራሳቸው ላይ በረረ፣ የጋዜጠኞቹ ክፍል መስኮትም ተንቀጠቀጠ ተብሎ እስካሁን ይተረካል። ይሄን ካወቅሽ ቅዳሜ የምትሰሚው ዝም ብሎ ድም የሚል ነገር አይሆንብሽም፤ ተማሪዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ያቆሙት ኩራት ነው።

ሦስተኛ፣ ዝም ማለትን ቻይበት። አዲስ ደጋፊ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጮሃል። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ኳሷ የእኛ ቡድን እጅ ስትሆን ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ኳርተርባኩ፣ ለጓደኞቹ ምልክት እየተናገረ ነው፤ እነሱ ካልሰሙት ጨዋታው ይበላሻል። ያን ጊዜ አፍሽን ያዢ። ኳሷ ባላጋራው እጅ ስትገባ ግን አትማሪያቸው። አንድ ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት 4 ዕድል አለው፤ ጭንቁ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ እሱ ካልተሳካ አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን መትተው ያስረክባሉ። ሦስተኛው ዕድል ሲደርስ ዙሪያሽን እዪ፦ ሰው ሁሉ ከኪሱ የቤትና የመኪና ቁልፉን አውጥቶ ከራሱ በላይ ያንቃጭላል። ምንም መግዛት የለብሽም፤ የዶርምሽን ቁልፍ አውጪና አንቃጭይ። ቀለበቱን ጣትሽ ላይ አጥልቀሽ ያዢው ብቻ፤ ከእጅሽ አምልጦ የፊት ረድፍ ላይ ካረፈ ማታ በር ላይ ነው የምታድሪው።

አራተኛ፣ ማስጮኺያ ገዝተሽ አትሂጂ ሆዴ። ፊሽካና ጡሩምባ በብዙ ስታዲየም በር ላይ ይወሰዳል፤ ምክንያቱም ፊሽካ የዳኛውን ይመስላል፣ ጡሩምባም የተጫዋቾቹን ምልክት ያደናግራል ብለው ነው። ከመሄድሽ በፊት የተከለከሉትን ዝርዝር አንብቢ፤ ዕቃሽንም በሚያሳይ ፕላስቲክ ቦርሳ ያዢ። “ታዲያ የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች ቃጭል ይዘው ይገቡ የለ እንዴ?” ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ ይገባሉ፤ ግን እንዴት እንደተፈቀደላቸው ስሚ። በዩኒቨርሲቲያቸው ከተማ በስታርክቪል ደጋፊው እጀታ የተበየደለት የላም ቃጭል ይዞ ነው የሚመጣው። ድሮ አንዲት ላም ሜዳ ገብታ ቡድኑ በዚያ ቀን ስላሸነፈ ነው ይላሉ። ውድድሩን የሚመራው ኤስኢሲ እ.ኤ.አ. በ1974 ማስጮኺያን ሁሉ ከለከለ። ሰዉ ግን ቃጭሉን በልብሱ ሥር ደብቆ መግባቱን አልተወም። በ2010 ስምምነት ላይ ተደረሰ፦ ከጨዋታው በፊት፣ በእረፍት፣ ጨዋታ ሲቆምና ነጥብ ሲቆጠር አቃጭሉ፤ ኳሷ ጨዋታ ላይ ሳለች ግን ቃጭሉ ከተሰማ ዩኒቨርሲቲው ይቀጣል ተባለ። አየሽ? ልማዳቸውን ያተረፉት ዝም የሚሉበትን ሰዓት ስለተቀበሉ ነው። ደስታ ሥርዓት ሲይዝ ዕድሜው ይረዝማል።

አምስተኛ፣ ጆሮሽ አንድ ጊዜ ነው የተሰጠሽ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም 85 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አትስሙ ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሞላ ስታዲየም ሲያገሳ 100ን ማለፉ ብርቅ አይደለም፤ መድፉ ደግሞ በላዩ አለ። ስለዚህ ፋርማሲ ገብተሽ ለስላሳውን የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግዢ። አጠቃቀሙን ላሳይሽ፦ በጣቶችሽ መካከል አሽተሽ ክር እስኪያክል አቅጥኚው። በሌላው እጅሽ በራስሽ ላይ አሻግረሽ የጆሮሽን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢ። መድፈኛውን አስገቢና ተነፍቶ ቀዳዳውን እስኪሞላ በጣትሽ ደግፈሽ ያዢው። ግማሹ ውጪ ከቀረ አልገባም ማለት ነው፤ አውጪና ድገሚው። ሕፃን ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካለ፣ ለልጁ ጆሮን ከላይ የሚሸፍነውን እንዲገዛለት ንገሪልኝ። ማታ ጆሮሽ ውስጥ ጭው የሚል ነገር ከቀረ በዝቶብሻል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ከድምፅ ማጉያው ራቅ በይ።

ስድስተኛውን አደራ እልሻለሁ። ወላጆችሽን ከአሌክሳንድሪያ አራት ሰዓት ያህል አስነድተሽ ጨዋታ ልታሳዪአቸው ነው፤ ጎሽ፣ ደግ አድርገሻል። ግን ስለ መድፉ አስቀድመሽ ሳትነግሪያቸው እንዳታስገቢያቸው። ከእኛ ሰው መካከል መድፍ በዓድዋ በዓል ሲተኮስ ሰምቶ በኩራት የሚያስታውስ አለ። በጦርነት ሰምቶት፣ ቤቱን ጥሎ የወጣም አለ። የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ አይነግሩሽም፤ ዝም ብለው ይቀመጡና ሲተኮስ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መኪና ውስጥ ሳላችሁ በእርጋታ ንገሪያቸው፦ “እማዬ፣ ቡድናችን ሲያገባ መድፍ ይተኮሳል፤ ባሩድ ብቻ ነው፤ ሲደርስ እኔ እነግርዎታለሁ።” ከጎናቸው ተቀመጪ። ኳሷ ወደ ጫፉ ስትጠጋ እጃቸውን ያዢና “አሁን ነው” በያቸው። መቼ እንደሚመጣ የታወቀ ድምፅ ግማሽ ፍርሃቱ ይቀንሳል። አልመጣም ካሉሽም አትጫኚያቸው፤ ቴሌቪዥን ላይ አብራችሁ እዩ።

ሰባተኛ፣ ስታሸንፊ ጨዋ ሁኚ። በኖቬምበር መጨረሻ ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩቪኤ) ጋር ሲጫወቱ የአክስትሽ ልጅ ከወዲያኛው ወገን ሊቀመጥ ይችላል፤ ከዲሲ ዙሪያ የሚሄዱት የሐበሻ ልጆች ለሁለቱም ተከፋፍለዋል። ሲገባበት ሳቂበት፣ ግን ፊቱ ላይ አትጩኺ፣ ስድብ ከአፍሽ አይውጣ። ሲሸነፍ ራት ጋብዢው፤ ገናን አብራችሁ ነው የምታሳልፉት።

በመጨረሻ፣ ማፈር የሚባል ነገር ይዘሽ እንዳትሄጂ። መድፉ ሲተኮስ ነጩ ያገሳል፣ ጥቁሩ ያፏጫል፣ የሙዚቃ ባንዱ ይነፋል። አንቺ እልል በይ። እልልታ በር ላይ አይወሰድም፣ በሕግ አይከለከልም፣ ከአያቶችሽ የወረስሽው ነው። ጎንሽ ያሉት ልጆች ዞር ብለው ያዩሻል፤ በሁለተኛው ታችዳውን አስተምሪን ይሉሻል፤ አስተምሪያቸው። ውሃ ደጋግመሽ ጠጪ፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ ድምፅሽ ይፈለጋል። እልልታውን ግን እንዳትቆጥቢ የኔ እመቤት፤ ነጥብ በገባ ቁጥር፣ ከሆድሽ፣ እስኪሰማ ድረስ።