ወላጅ ነርሲንግ ሆም ሲገባ፦ በአሜሪካ ለምንኖር

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ በነርሲንግ ሆም ኮሪደር ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። የሚነጋገሩት ግን ብዙውን ጊዜ ሠራተኞቹ ናቸው። ብዙዎቻችን እዚህ አገር እንደገባን ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነን የሰው እናትና አባት አጥበን፣ አጉርሰን፣ አገላብጠን ነው ኑሮ የጀመርነው። አሁን ተራው የራሳችን ወላጆች ሆነ። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት የመጡት እናት፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱት አባት ሰማንያን እየተጠጉ ነው። እዚያው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለዓመታት የሠራን ሰዎች እንኳ የገዛ እናታችን ስትገባ ማን እንደሚከፍልና ምን መብት እንዳላት አናውቅም።

የማናውቀው ስለማንነጋገርበት ይመስለኛል። “እናቱን ነርሲንግ ሆም ጣለ” መባል ያስፈራል፤ ስለዚህ ጉዳዩን ሳናነሳው ቀኑ ይደርሳል። ሲደርስም ፋታ አይሰጥም። እናት ወድቃ ዳሌዋ ይሰበራል፣ ሆስፒታል ትገባለች፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሶሻል ወርከሯ የነርሲንግ ሆሞች ዝርዝር ይዛ መጥታ “እስከ ነገ ምረጡ” ትላለች። በዚያች ሌሊት የሚነበብ ነገር አይገባም። አሁን፣ ሁሉም ደህና ሳለ ይህን ጽሑፍ ያንብቡት።

እኔ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት በእናቴ ነው። ሆስፒታል አራት ሌሊት አደረች። አልጋ ላይ ተኝታለች፣ ጉሉኮስ ተሰክቶላታል፣ ሐኪሙ ይመላለሳል፤ ተኝታ እየታከመች መሆኗን ማን ይጠራጠራል? ልትወጣ ስትል ግን መዝገቡ ላይ የሰፈረው “ኦብዘርቬሽን”፣ ማለትም ለክትትል ብቻ የቆየች የሚል እንደሆነ ተነገረን። መደበኛው ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ደግሞ የነርሲንግ ሆም ወጪ የሚችለው በሽተኛው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን “ኢንፔሸንት” (ተኝቶ ታካሚ) ተብሎ ከተመዘገበ ነው፤ የክትትል ሌሊት አይቆጠርም። ስለዚህ ወላጅዎ ሆስፒታል በገቡበት በመጀመሪያው ቀን ምን ተብለው እንደተመዘገቡ ይጠይቁ፤ ክትትል ከተባለም ሐኪሙን ለምን እንደሆነ ይጠይቁት። ክትትሉ ከ24 ሰዓት ካለፈ ሆስፒታሉ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሦስቱን ቀን ቅድመ ሁኔታ ሊያነሳው ስለሚችል፣ ካርዱን አውጥተው ኩባንያው ዘንድ ይደውሉ።

ሜዲኬር ቢከፍልም ለዘለቄታው አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን በሽተኛው በየቀኑ ድርሻውን ይከፍላል፤ ድርሻው እ.ኤ.አ. በ2025 በቀን 209 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። መቶውን ቀን ለመሙላትም ሰውየው የነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ እርዳታ በየቀኑ የሚያስፈልገው መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ በሃያና በሠላሳ ቀን “ከእንግዲህ መሻሻል አያሳዩም” ተብሎ ክፍያው ሊቋረጥ ነው የሚል ወረቀት ይመጣል። እዚህ ላይ ዝም አይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጂሞ በሚባለው የፍርድ ቤት ክስ በተደረሰው ስምምነት መሠረት፣ የባሰ እንዳይመጣ ለመጠበቅ የሚሰጥ የባለሙያ እንክብካቤም ይሸፈናል፤ መሻሻል ግዴታ አይደለም። ወረቀቱ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ ይግባኙ ደግሞ ክፍያው ከሚቋረጥበት ቀን ዋዜማ እስከ እኩለ ቀን ድረስ በስልክ ይጠየቃል። ቁጥሩ እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ለዓመታት የሚዘልቀውን እንክብካቤ የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ነው። በአገሪቱ የነርሲንግ ሆም አማካይ ዋጋ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ በመሆኑ፣ ብዙ ቤተሰብ ውሎ አድሮ እዚህ በር ላይ መቆሙ አይቀርም። በሩ ግን ለሁሉም እኩል አይከፈትም። በልጅ ጥሪ ግሪን ካርድ ያገኘ ወላጅ በአብዛኛው ቦታ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላም ዜጋ እስኪሆን ድረስ ስፖንሰር ያደረገው ልጅ ገቢ እንደ ራሱ ገቢ ሊቆጠርበት ይችላል። ሜዲኬርም እንዲሁ አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ እሱ ወይም የትዳር ጓደኛው አሥር ዓመት ያህል ግብር እየከፈሉ ካልሠሩ ደግሞ የሆስፒታል ሽፋኑን በወር ከ500 ዶላር በላይ ሊደርስ በሚችል ክፍያ መግዛት ይኖርበታል። ስለዚህ “እናቴን አምጥቼ እዚህ ላሳክማት” የሚል ሁሉ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት በምን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ያስላ። በስደተኝነትና በጥገኝነት የመጡትን ይህ አምስት ዓመት የመጠበቅ ግዴታ አይመለከታቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ ላልያዙት የሜዲኬይድን በር ስለሚያጠብ፣ ለግሪን ካርድ ማመልከት የሚችል አዛውንት አንድ ቀን ማዘግየት የለበትም። ዜግነትም እንደዚሁ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ወላጅ ሐኪም በሚሞላው ቅጽ ከእንግሊዝኛውና ከታሪክ ፈተናው ነጻ እንዲሆኑ መጠየቅ ይችላሉ።

የንብረቱ ጉዳይ ብዙዎቻችንን የሚጥለን ነው። በብዙ ስቴቶች አመልካቹ ሊይዘው የሚችለው ጥሬ ገንዘብ 2,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የሜዲኬይድ መርማሪዎች ያለፉትን አምስት ዓመታት የባንክ መዝገብ ወደ ኋላ ይመለከታሉ። በነጻ የተሰጠ ገንዘብ ሁሉ ይቆጠራል። ለእህት ልጅ ሠርግ የተላከው፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የተሰጠው፣ አገር ቤት ወደ ወንድም ስም የተዛወረው ቤት ሁሉ ምላሽ ይፈለግለታል፤ ሜዲኬይድ የማይከፍልበትን የቅጣት ጊዜም ሊያስከትል ይችላል። አገር ቤት ያለ ንብረትም ይገለጻል፤ መደበቅ ማጭበርበር ነው። በሌላ በኩል ሕጉ የሚያዝንባቸው ቦታዎች አሉ። ቤት የሚቀረው ባል ወይም ሚስት ባዶ እጁን እንዳይቀር ከንብረቱ የተወሰነው ይጠበቅለታል። በወላጁ ቤት ቢያንስ ሁለት ዓመት አብሮ ኖሮ፣ አስታሞ ነርሲንግ ሆም የሚገቡበትን ቀን ያዘገየ ልጅ፣ ያንን ቤት ያለ ቅጣት ሊቀበል ይችላል። አስታማሚነቱን የሚያስረዳ የሐኪም ደብዳቤ ግን ገና ከጅምሩ መሰብሰብ አለበት። ለዚህ ለዚህ በአረጋውያን ሕግ የተካነ ጠበቃ የማማከር ጥቅሙ ለጠበቃው ከሚከፈለው ይበልጣል።

አሁን ወደ ፊርማው። በመግቢያው ቀን አንድ ትልቅ ጥራዝ ይቀርብልዎታል። “ሪስፖንሲብል ፓርቲ” (ኃላፊነት የሚወስድ ወገን) በሚለው መስመር ላይ እንደ ልጅ አዝነው ይፈርማሉ፤ ከወራት በኋላ የእናትዎ ዕዳ በስምዎ ይመጣል። የፌዴራሉ ሕግ ነርሲንግ ሆም ልጅን ወይም ዘመድን ዋስ ካልሆንክ አልቀበልም እንዳይል ይከለክላል። የእናትዎን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ፣ በውክልናዎ ከእሳቸው ገንዘብ ብቻ እንደሚከፍሉ ጽፈው ይፈርሙ። ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት አልሄድም፣ በግልግል ዳኛ እጨርሳለሁ የሚለውን ገጽ አለመፈረም ይችላሉ፤ ባለመፈረምዎ መግቢያ አይከለከሉም። ፈርመው ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። የጤናም የገንዘብም ውክልና ደግሞ ወላጅ አእምሯቸው ሳይዝል ይሠራ፤ ከዛለ በኋላ መንገዱ በፍርድ ቤት በኩል ነው፣ ረጅምና ውድ ነው።

ሲኤንኤ ለመሆን ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን ግዴታ የሆነውና የነዋሪው መብት የተደነገገው በአንድ ሕግ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በ1987 የፈረሙት ነው። በዚያ ሕግና እሱን ተከትለው በወጡት ደንቦች መሠረት፣ በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ መዘጋጀት አለበት፤ ነዋሪውም ቤተሰቡም በዕቅዱ ላይ ይናገራሉ። ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ማሰር ወይም በመድኃኒት ማደንዘዝ የተከለከለ ነው። እናትዎ ቀኑን ሙሉ እየተኙ ከሆነ የመድኃኒቱን ዝርዝር ይጠይቁ። ቤተሰብ በፈለገው ሰዓት መጥቶ መጠየቅ ይችላል። እኔ የምመክረው ራት ሰዓትንና ቅዳሜና እሑድን ነው፤ ሰው ሲያንስ ምን እንደሚደረግ የሚታየው ያኔ ነው። ምግብ ሲዘጋጅ የነዋሪውን ሃይማኖትና ባህል ከግምት ማስገባት ይገባል። ስለዚህ “ጾመኛ ናት” ብለው አይለፉት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይበላበትን ቀን በካላንደር ለምግብ ባለሙያዋ ይስጧት፤ ለሐላልም እንዲሁ። ሽሮና እንጀራ ከቤት መውሰድም ይፈቀዳል፤ የአቀማመጥ ደንባቸውን ብቻ ይጠይቁ። አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ማስተርጎም የለበትም፤ እናት በልጇ አፍ የማትናገረው ሕመም አለና።

ነዋሪን ከነርሲንግ ሆሙ ማስወጣት የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ስድስት ምክንያቶች ብቻ ሲሆን፣ በመደበኛው የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያና የይግባኝ መብት አለ። ሜዲኬር አለቀ ማለት ውጡ ማለት አይደለም። ቤቱ ሜዲኬይድ የሚቀበል ከሆነ ማመልከቻው እየታየ እዚያው መቆየት ይችላሉ።

አቤቱታ ሲኖር በየስቴቱ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች እንባ ጠባቂ አለ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1972 በሙከራ ተጀምሮ ከ1978 ጀምሮ ለሁሉም ስቴት ግዴታ ሆኗል፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው፣ ነዋሪው ካልፈቀደም ስሙን አይገልጽም። ስልኩ በየቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ካላገኙት 1-800-677-1116 ደውለው የአካባቢዎን ይጠይቁ። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ አማርኛ በከተማዋ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ ከከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ መስተናገድን ይጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤት መቆየት ይቻል እንደሆነ ይታይ። በብዙ ስቴቶች ሜዲኬይድ ቤት ለሚመጣ አጋዥ ይከፍላል፤ በአንዳንዶቹ አጋዡ ልጅ ራሱ ሊሆን ይችላል። ወረፋ ስላለው ዛሬ ይመዝገቡ። በእኛ ሰዎች የተከፈቱ የቀን ማቆያዎችም አሉ፤ እናቶች ቡና ጠጥተው፣ ተጫውተው ማታ ይመለሳሉ።

እናትዎ ነርሲንግ ሆም ከገቡ አንድ ወረቀት ከአልጋቸው በላይ ይለጥፉ። የመርሳት በሽታ ሲገፋ ኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። “ውሃ”፣ “አመመኝ”፣ “ሽንት ቤት”፣ “በረደኝ” የሚሉትን በላቲን ፊደል ከነትርጉማቸው ይጻፉ። ከሁሉ በላይ የሚጠሩበትን ስም በትልቁ ይጻፉ፤ መታወቂያው ላይ ያለውን ሳይሆን ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው የሚጠሯቸውን። የእኔዋ እናት ሌሊት ስትጨነቅ የምትረጋጋው ከፊሊፒንስ የመጣችው የማታ ሠራተኛ “እማማ” ስትላት ነበር።